ጓዳ የገባው ቀለም

“ጓዳ ያለውን ነጩን ዱቄት ጨምሪበት እንጂ፤ ሩዝ ያው ሩዝ ነው። ወንድምሽ እንደሆነ ሲበላ እንጂ ሲያመጣ አላየሁት።”

ይህን ያለው የእህቱ ባል ዓለምነህ ነው። ሰውመሆን ከግድግዳው ማዶ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ ሰማው። ገና ጎሕ አልቀደደም። ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያደረው ዝናብ ያኔ ማባራቱ ነበርና ቤቱ ጭጭ ብሎ የጓዳው ወሬ እንዳለ ይሰማል። ስለ ዱቄቱ የተባለውን በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አፈሰሰው። ልቡ ላይ የቀረው ሁለተኛው ነው። ሲበላ እንጂ ሲያመጣ። ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞረና በልቡ ከዓለምነህ ጋር ሙግት ገጠመ፤ የሩዝ መፈልፈያህ ሞተር ሲቃጠል ማን ጠገነልህ አለው፤ የዚህን ቤት መብራት ማን ዘረጋልህ አለው፤ ዓለምነህም መልስ አጣ። ሰው በልቡ ሲሟገት መቼ ተረትቶ ያውቃል? ሰውመሆን አሸንፎ ሲያበቃ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

ሲነቃ ረፍዷል። ፀሐይ በበሩ ስንጥቅ ገብታ ወለሉ ላይ ተጋድማለች፤ በሐምሌ ይህን ማየት ሎተሪ እንደመውጣት ነው። ቤቱ ባዶ ነበር። እህቱ አምሳልና ባሏ ዳቦውን በባጃጅ ጭነው ወደ ወይዘሮ ገላነሽ መንደር ሄደዋል። ዛሬ የወይዘሮ ገላነሽ ባለቤት የአቶ አያልነህ ሙት ዓመት ነው፤ የተዝካሩን ዳቦ በሙሉ የጋገረችው ደግሞ አምሳል ናት። ይህ ለእሷ እንደዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። እስከዛሬ መነኻሪያው አካባቢ ላሉ ሻይ ቤቶች በየጠዋቱ ጥቂት ጥቂት እያቀረበች ነው የኖረችው፤ ወይዘሮ ገላነሽ ግን ፎገራ ሜዳ ላይ የማይዛመዱት ቤት የለም፣ ዳቦው ካማረላቸው የመጪው ዓመት ሰርግ ሁሉ የአምሳልን በር ያንኳኳል። ሳምንቱን ሙሉ የምታወራው ስለዚህ ዳቦ ነበር። ማታ ማታ እራት እየበሉ እንኳ ሐሳቧ እዚያው ስለሆነ፣ ወጥ ጨምሪልኝ ሲሏት ስንት ድፎ ይበቃል ብላ ትጠይቃለች።

ሰውመሆንም ቤቱ ባዶ በመሆኑ ደስ አለው። ቤቱ ባዶ ከሆነና ፀሐይ ካለ ቀለም ይቀባል። እሱ የሚሠራው ነገር በከተማቸው በወረታ በቅጡ ስም አልወጣለትም። ጊታር የሚጫወቱት ፔዳል ይሉታል፤ በእግር የሚረገጥ፣ ከጸሎት መጽሐፍ የማይበልጥ የብረት ሳጥን ነው፤ የጊታሩ ድምፅ በሽቦ ገብቶበት ሲወጣ ይወፍራል፣ ያስተጋባል፣ ወይም ተቆጥቶ እንደሚናገር ሰው ይሻክራል። የሆዱን ዕቃ ከሞቱ ሬዲዮኖችና ቴሌቪዥኖች እየነቀለ ይበይዳል፤ ሳጥኑን ከአሉሚኒየም ላሜራ ቆርጦ ያጥፋል። ገዢዎቹ ባህር ዳር ያሉ ባንዶች ናቸው፤ ማሲንቋቸውን ከድምፅ ማጉያ ጋር የሚያገናኙ አዝማሪዎችም አንዳንዴ ይደውሉለታል። ዓለምነህ ግን “ቆርቆሮህ” ነው የሚለው። ዛሬስ ቆርቆሮህ እንዴት አደረ ይለዋል፣ ከብት እንደሚጠይቅ ሰው።

የሰውመሆን ሳጥኖች የሚታወቁት በቀለማቸው ነው። እንደ ሌላው በብሩሽ አይቀባም። ባህር ዳር በር እና መስኮት የሚሠራ የአሉሚኒየም ድርጅት ተቀጥሮ ሳለ የተማረው የዱቄት ቀለም አለ፤ እንደ ስሙ ዱቄት ነው፤ ሳጥኑ ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል ይነሰነስና ይጣበቃል፣ ከዚያ ምድጃ ገብቶ ሲጋል ይቀልጥና እንደ ሸክላ ሳህን ያብረቀርቃል። ድርጅቱ የሚነሰንስበት መሣሪያ አለው። ሰውመሆን ያለው አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስና ፎገራ ላይ በየቤቱ የማይጠፋው የትንኝ መግደያ ራኬት ነው፤ የራኬቱን ሆድ ከፍቶ፣ ትንኝ የሚያቃጥለውን ሽቦ ከጠርሙሱ አፍ ጋር አጋብቶ፣ ሳጥኑን በሽቦ ከመሬት ጋር አገናኝቶ ዱቄቱን ይነፋበታል። አንዳንዴ ቀለሙ ይጣበቃል፣ አንዳንዴ ራኬቱ እሱን ይመታዋል። ሲሳካ ግን ባህር ዳር ያሉት ሰዎች ከውጭ የመጣ ነው ብለው ይከራከራሉ።

የዚህ ቀለም ጠላቱ እርጥበት ነው። እርጥበት ከነካው ይጓጉላል፣ ምድጃ ሲገባም ፊቱ እንደ ፈንጣጣ ይቋጥራል። ክረምት ላይ ደግሞ ፎገራ እርጥበት ያልነካው ነገር ከየት ይመጣል? ጣና ሞልቶ፣ ርብ ወንዝ ሞልቶ፣ ሜዳው ሁሉ የሩዝ ውሃ ተኝቶበት ጨው ሳይቀር ያለቅሳል። ሰውመሆን የሚያድርባት ክፍል ድሮ የማገዶ ቤት የነበረች ናት፤ ከጣሪያም ከወለልም ታፈሳለች። በግቢው ውስጥ ደረቅ ቦታ ቢባል የእህቱ ጓዳ ብቻ ነው፤ የዳቦ ምድጃዋ ግድግዳውን ስለሚያሞቀው ከዓመት እስከ ዓመት እንደደረቀ ነው። ችግሩ፣ ፋሲካ ሰሞን በዚያው የዳቦ ምድጃ ሳጥን ሲጋግር ዓለምነህ ደርሶበት፣ ሁለተኛ ከዚህ ዳቦ አጠገብ ቀለም ባይ ከነቀለምህ ትወጣለህ ብሎት ነበር። ሰውመሆንም በእናቱ አጥንት ምሎ ነበር። ሆኖም የባህር ዳሩ ባንድ ነጫጭ ሳጥኖች አዘዘው፣ ነጩ ቀለም መጓጎል ጀመረ፣ ሰውመሆንም መሐላውን እንደምንም አባበለውና ከሁለት ሳምንት በፊት ቀለሙን በላስቲክ አስሮ ከስንዴው ጆንያ ጀርባ ሸጎጠው። ለአንድ ሰሞን ነው፣ ማንም አያየውም ብሎ።

አሁን ጓዳ ገብቶ ጆንያውን ገለል ሲያደርግ ላስቲኩ ተፈትቶ አገኘው። ውስጡ አምሳል ዱቄት የምትሰፍርበት ጣሳ ቆሟል። ካስቀመጠው ግማሹ የለም። ሰውመሆን መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም፤ ጣሳውን አውጥቶ ወደ ብርሃን ይዞ አገላብጦ አየው። ከዚያ ጎሕ ሳይቀድ የሰማው ነገር አሁን እንደተነገረ ሆኖ ተሰማው። ጓዳ ያለውን ነጩን ዱቄት ጨምሪበት። ፎገራ ላይ ስንዴ ሲያጥር ሩዝ መደባለቅ ማንም የሚያደርገው ነው፤ እንጀራው ሩዝ አለበት፣ ጠላው ሩዝ አለበት፣ ዳቦው ሩዝ አለበት። ጓዳ ውስጥ የተገኘ ነጭ ዱቄት የሩዝ ነው፤ ሌላ ነጭ ዱቄት በዓለም ላይ ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር ሰው የለም። ጆንያው ላይ ተቀመጠ። የድርጅቱ ከረጢት ላይ አፍና አፍንጫውን የሸፈነ ሰው ሥዕል እንደነበር ትዝ አለው። አለቃቸው አፋችሁን ሸፍኑ እያለ ሲጮህባቸው፣ እነሱም ማታ ማታ አንጀት ያጥባል እየተባባሉ ወተት ሲጠጡ ታየው። ያ በአየር የገባው ነው። የተበላስ?

ስልኩን አውጥቶ ደወለ። የአምሳል ስልክ ማዳመጫው ከተበላሸ ቆይቷል፤ በድምፅ ማጉያው ብቻ ስለሚሠራ የሚደውልላት ሰው የሚለውን አጠገቧ ያለ ሁሉ ይሰማል። ስታነሳው መጀመሪያ የገባው የዓለምነህ ሳቅ ነው፤ ከሆነ ሰው ጋር ስለ ዘንድሮ ዘር ያወጋል።

“ዳቦው ደረሰ ወይ እትዬ?”

“ደረሰ።”

“ደኅና ነው?”

“ደኅና ነው። ሌላ የምትለኝ አለህ?”

ሊላት ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ነገር ግን የዓለምነህ ሳቅ ቆመ፤ ማን ነው ሲል ተሰማው። “የለም፤ እንዲያው ነው” አለ ሰውመሆን። አምሳል ወዲያው አልዘጋችም። መስመሩ ክፍት ሆኖ የነፋሱ ድምፅ፣ የሆነች ላም እምቧታ፣ የእህቱ ትንፋሽ ሁሉ ይሰማዋል፤ እሱም አይናገርም፣ እሷም አትናገርም። ቀድሞ የዘጋው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ እግር አወጣለት። ሸሚዙን እየቆለፈ መነኻሪያው ጋ ወዳለው የሰኪና ሻይ ቤት ሮጠ፤ አምሳል ተዝካር ኖረ አልኖረ የሰኪናን የጠዋት ዳቦ አታስቀርም። ሰኪና በረንዳዋ ላይ ብርጭቆ ታጥባለች። ከአዲስ ዘመን ከተማ የመጡ የጭነት መኪና ረዳቶች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ ይጎርሳሉ። ሰውመሆን አንዱን ዳቦ አነሳና ገምሶ አሸተተው። የዳቦ ሽታ ነው። ግን በአፍንጫው አይተማመንም፤ ያ ድርጅት አፍንጫውን ገድሎት ነው የለቀቀው፤ አምሳል ሽንኩርት አሳርራ ቤቱ በጭስ ሲሞላ እንኳ የሚያውቀው በዓይኑ ነው። ከረዳቶቹ አንዱ ትን ብሎት ሲያስል ሰውመሆን ዞሮ አፈጠጠበት። ሰውየው ግን ጓደኛው በነገረው ቀልድ እየሳቀ ኖሮ እንባውን ጠርጎ ሁለተኛ ዳቦ አነሳ።

“እትዬ ሰኪና፣ ይኸን ዳቦ ዛሬ አትሽጪው” አላት ጠጋ ብሎ። ለምን ስትለው እርሾው ሳይበላሽ አልቀረም አለ። ሌላ ውሸት አልመጣለትም። ሰኪና እጇን በሽርጧ እየጠረገች አየችው፤ አምሳል በጠዋት ስትሰጠኝ እኮ ምንም አላለችኝ፣ እንዲያውም ቀምሼው አምሮኛል አለች። ከዚያ ፊቱን አየችና ነገር አላስረዘመችም፤ የተረፈውን በጨርቅ ሸፍና ከመደርደሪያው ሥር አስገባችው። ረዳቶቹ ማኘክ አቁመው ያዩት ነበር። አንደኛው የያዘውን ዳቦ ቀስ ብሎ ሳህኑ ላይ መለሰው። ሰውመሆን ይህንን ልብ ሳይለው ባጃጅ ፍለጋ ሮጧል።

ባጃጁ የጠጠሩ መንገድ እስካለቀበት ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ውሃ ነው። በሩዝ ማሳዎቹ መካከል ያለው ድንበር ላይ እየተንሸራተተ፣ አንዳንዴም እስከ ጉልበቱ እየሰመጠ ወደ ጣና አቅጣጫ ሮጠ። ቡቃያው ለምለም ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ደስ የሚል አገር ነው። አሁን ግን የሚታየው ሁሉ ይከሰዋል። ከተዝካሩ መንደር የሚመጡ ሁለት ሴቶች ሲያልፉት ፊታቸውን ሰርቆ አየ፤ ሆዳቸውን የያዙ እንደሆነ። ደኅና ናቸው፤ ምን ሁኖ ነው እንዲህ የሚከንፍ ተባባሉ። መልሶ ደውሎ መናገር ይችላል። ስልኩን ሁለት ጊዜ አወጣው፣ ሁለት ጊዜም መልሶ ከተተው። በዚያ ማጉያ ቀለሜን አብልተሻቸዋል ማለት፣ ዓለምነህን ጠርቶ በጆሮው መንገር ነው። ቀርቤ ለብቻዋ እነግራታለሁ፣ ከዳስ አስወጥቼ በጆሮዋ እነግራታለሁ፣ እሷ ታውቅበታለች አለ። አምሳል ከእናታቸው ሞት ወዲህ የማታውቅበት ነገር ኖሮ አያውቅም። ልጅ ሆኖ መስታወት ሲሰብር ጥፋቱን በራሷ የምታመካኝ እሷ ነበረች። አሁን ደግሞ እሱ ስሟን ሊቀብርባት ነው። ይህን ሲያስብ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እንባውንም ሳይጠርግ ሮጠ።

ሲደርስ ዳሱ ጢም ብሏል። ሽማግሌዎቹ በአግዳሚው ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ከጓሮ በኩል ቆመዋል፤ ወይዘሮ ገላነሽ ጥቁር ለብሰው ከምሰሶው ሥር መደብ ላይ ናቸው። ለዚህ ድግስ አንዲት ጊደር እንደሸጡ አገር ያወራል። የንስሐ አባታቸው መምሬ ባየህ ጸሎቱን ጨርሰው ዳቦውን በመስቀላቸው ባርከዋል፤ የተቆረሰው ዳቦ በሰፌድ መዞር ጀምሯል። ሰፌዱን ይዛ የምታዞረው አምሳል ናት። ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፊቷ ላይ የጋገረችው ዳቦ ያማረላት ሰው ኩራት አለ። ሰውመሆን እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ ዳሱ በር ላይ ቆመ። አየችው። እሱም በዓይኑ ነይ አላት። አምሳል ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ ጊዜ፣ ቀስ አድርጋ። ኋላ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ ያለችው መሰለው። ሰፌዱን ይዛ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ወደ እሷ ሊገፋ ሞከረ። ሰው እግር ለእግር ተጠላልፎ ተቀምጧል፤ ሽማግሌዎች ናቸው፣ አይረገጡም። ሁሉም ገና ቁራሹን በእጁ እንደያዘ ነው፤ መምሬ ባየህ ሳይቀምሱ ማን ይቀድማል? በር አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ወጣት እናት ግን ጭኗ ላይ ያለችው ሕፃን ስታለቅስባት ከቁራሹ ቆርሳ ወደ አፏ ስታደርስላት አየ። የሕፃኗ አፍ ተከፍቷል።

“አትብሉት!” አለ ሰውመሆን። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። “ዳቦው ውስጥ ቀለም አለ። የብረት ቀለም ነው። ጓዳ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ሩዝ መስሏት ነው።”

እናትየዋ ጣቷን ሕፃኗ አፍ ውስጥ ከትታ ማውጣት ጀመረች። አንድ ሽማግሌ ቁራሹን እንደ ፍም አግዳሚው ላይ ለቀቀው። ዓለምነህ ከተቀመጠበት ብድግ አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ጨምሪበት ያለው ራሱ ነውና ሚስቱን እንጂ ሰውመሆንን አላየም። “ምን ጨመርሽበት?” አላት። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፣ ፍርሃት ነበረበት።

“ምንም” አለች አምሳል። “ዳቦዬ ንጹሕ ነው።”

ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችና ከላዩ ትልቁን ቁራሽ አንስታ ጎረሰች። አኘከች። ዋጠች። ሌላ አነሳች። ሕዝቡን አላየችም፣ ወንድሟን አላየችም፤ ዳቦውን ብቻ እያየች ትበላ ነበር። መምሬ ባየህ ደግ ሰው ናቸው፤ አማትበው የያዙትን ጎረሱና እኅታችን እውነቷን ነው፣ ብሉ አሉ። ሰው ሁሉ ግን ቄሱን ሊያይ ነው እንጂ ሊበላ አልተነሳም፤ እስቲ ምን ይሆኑ እንደሆነ የሚጠብቅ ይመስላል። ወይዘሮ ገላነሽ ከመደባቸው ላይ ሳይነሱ፣ ድምፃቸውንም ሳያነሱ ተናገሩ።

“እንግዲህ እንጀራውን አቅርቡት።”

በቃ፤ ይኸው ነው። ሴቶቹ እንጀራውን ይዘው ገቡ፣ የአምሳል ዳቦ በሰፌድ በሰፌድ ወደ ኋላ ተመለሰ። ማንም አልሰደባትም፣ ማንም አልጮኸባትም። ዓለምነህ ሰውመሆንን በክንዱ ይዞ ከዳሱ አወጣውና ማታ ቤቴ እንዳላገኝህ አለው፤ ራሱ ወይዘሮ ገላነሽ እግር ላይ ሊወድቅ ተመለሰ። ሰውመሆን አጥሩ ሥር ቆሞ ጠበቀ። ብዙም ሳይቆይ አምሳል አንድ ቅርጫት ዳቦ ታቅፋ ወጣች። የቀረውን ለውሾች ይሆናል ብለው አስቀርተውታል።

በመጡበት የሩዝ ድንበር ላይ፣ እሷ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነው ሄዱ። ረጅም መንገድ ከሄዱ በኋላ አምሳል ሳትዞር ተናገረች። ዓለምነህ ጨምሪ ሲላት መጨመሯን፣ ገና የመጀመሪያው ዳቦ ምድጃ ሲገባ ሽታው እንደነገራት አወራችው። የቆርቆሮህ ሽታ ነው፣ ከፋሲካ ወዲህ የት ይጠፋኛል አለች። ያን ሊጥ በሙሉ ከጓሮ ጉድጓድ ከትታ፣ ዶሮ እንዳይጭረው አመድ አልብሳበት፣ ዕቃዎቹን በሙቅ ውሃ ፈትጋ፣ ከጎረቤት ስንዴ ተበድራ እንደገና አቦካች። ዓለምነህ መፈልፈያው ቤት ደርሶ ሲመለስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ላስቲኩን ከነጣሳው የተወችው አውቃ ነው፤ አይቶ ገብቶት በዝምታ ያነሳዋል ብላ።

“በርህ ላይ ቆሜ ነበር” አለች። “ተኝተህ አገኘሁህ። ዓለምነህ ደግሞ ከኋላዬ ነበረ።”

“ስደውልልሽስ?”

“ያ ስልክ አገር ነው የሚሰማው፤ እንዴት ብዬ ልንገርህ? አንተ ስትጠይቀኝ በአንዲት ቃል አስረዳህ ነበር። ዝም ብዬ ጠበቅሁህ። ምነው አልጠየቅኸኝም?”

“ጋሽ ዓለምነህ ያባርረኛል ብዬ ፈራሁ።”

“እኔስ ምን ብዬ ነው የደበቅሁት?”

ቅርጫቱን ልያዝልሽ ሲላት ወደ ደረቷ ሳበችው። “ተወው” አለች። “አንተ ከያዝኸው ልትደፋው የምትሄድ ይመስላቸዋል።”

ባጃጁ መነኻሪያው ጋ ሲያወርዳቸው ገበያው ሊበተን ነበር። ወሬው ቀድሟቸው ገብቷል፤ የጠዋቱ የሻይ ቤት ወሬና የዳሱ ወሬ መንገድ ላይ ተገናኝተው አንድ ሆነዋል። ሰው ዓይኑን ቅርጫቱ ላይ ይጥልና ሰላምታውን ያሳጥራል። አምሳል ዳቦውን ሳትሸፍን በአስፋልቱ ዳር፣ በሰው ፊት፣ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ሰውመሆን ከቅርጫቱ አንድ ዳቦ አነሳና እየሄደ መብላት ጀመረ። ያን ሲጨርስ ሁለተኛ አነሳ። ባጃጅ ለሚያጥበው ሰው እንብላ አለው፤ ይባረክ፣ አሁን ከምሳ ተነሳሁ አለ ሰውየው። ለጫማ ሻጩ እንብላ አለው፤ ሆዴን አሞኛል አለው። ለሚያውቀውም ለማያውቀውም እንብላ አለ። አንዱ ጠግቧል፣ አንዱ ይጾማል፣ ሌላው አልሰማም። በወረታ ታሪክ እንዲህ ሁሉም ሰው ጠግቦ የዋለበት ቀን አይኖርም።

ሰኪና በረንዳዋ ላይ ቆማ ሲመጡ ታያቸው ነበር። ደረጃዋን ወርዳ ወደ አስፋልቱ ቀረበች። እሷና አምሳል ጎን ለጎን ሠርተው ብዙ ክረምት አሳልፈዋል። ሰውመሆን ከቅርጫቱ ደኅናውን ዳቦ መርጦ ገመሰና ግማሹን በሁለት እጁ ዘረጋላት።

“እትዬ ሰኪና፣ እንብላ። በጠዋት የነገርሁሽ ውሸት ነው። ዳቦው ንጹሕ ነው።”

ሰኪና ዳቦውን ተቀበለችው። በሁለት እጇ ይዛው አምሳልን አየቻት፣ ከዚያ ዳቦውን አየችው። ጥግ ላይ የተቀመጡት ደንበኞቿ ሻያቸውን እንደያዙ ይጠብቃሉ። እጇ እስከ አገጯ ድረስ ከፍ አለ፣ እዚያ ቆየ፣ ተመልሶም ወረደ።

“በኋላ ከሻይ ጋር እበላዋለሁ” አለች።

አምሳል “እሺ ሰኪናዬ” አለቻትና ቅርጫቱን አስተካክላ ታቅፋ ቀድማው ሄደች።